ስለ ጐንደር እኅቶችና ስለ ስሜን መንገድ

በ2010 ዓመተ ምሕረት የከተራ ዕለት ከቤተ ሰባችን ጋራ ታቦታቱን አጅበን ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ፣ ከጎናችን የሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ጐንደር በባሕር ማዶ እኅቶች አሏት እያሉ ሲጫወቱ ልጃችን ሰማች። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበረ። እጃችንን ጐተት አድርጋ፣

«አባዬ፣ ጐንደር እኅት ካላት እናታቸው ማን ናት?» አለችን።

ከተሞች እንደ ሰው ከአንድ ማሕፀን አይወለዱም፤ ሹማምንቶቻቸው ተስማምተው በጽሑፍ ሲፈራረሙ እኅትማማች ይባላሉ ብለን መለስንላት። እርሷም ጥቂት አሰበችና፣ «እኅቶቿ ወደ እርሷ ከመጡ፣ እርሷስ እኅቶቿ ቤት ሄዳ ታውቃለች?» ብላ ጠየቀች። ይህን የሚመልስ ቃል ባፋችን አልተገኘም። እልልታውና ከበሮውም በረታና ነገሩ በዚያው ተቋረጠ።

እኛ በዳኝነት ቤት በጽሕፈት ሥራ የምናገለግል ሰዎች ነን። ቀን ሙሉ የምንሰማው ይህ የእኔ ነው፣ ያ የእኔ ነው የሚል ቃል ነው። የወንድምና የእኅት ክርክርም ከሁሉ ይልቅ ይበዛል። በመዝገብ ላይ ስንት እኅት ወንድሟን እንደ ከሰሰች፣ ስንት ወንድም እኅቱን እንደ ካደ በእጃችን ጽፈናል። ስለዚህ እኅት የሚለውን ቃል በቀላሉ አናየውም። ከበዓሉ በኋላ ነገሩን ልንመረምር ጀመርን።

የጐንደር እኅቶች አራት ናቸው። አንደኛዪቱ በእስራኤል አገር ያለችው ሪሾን ለጽዮን ናት። የዚህችን ዝምድና ምክንያት ለመረዳት ከከተማችን በስተ ሰሜን ወደ ወለቃ መንደር መውጣት ይበቃል፤ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች አብዛኞቹ በፈረንጆች ቍጥር ከ1984 እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት ወደ እስራኤል ተሻግረዋል። ሁለተኛዪቱ በፓሪስ አጠገብ ያለችው ቬንሴን ናት። እርሷም እንደ እኛ ባለ ግንብ ናት፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የነገሥታቱ ማማ ቁመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። ዐፄ ፋሲል በ1636 በፈረንጆች ቍጥር ጐንደርን ሲቈረቍሩ የቬንሴን ማማ ቆሞ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖት ነበረ። ግንብ ያለው ሰው ግንብ ያለውን ሰው ችግር ያውቃል፤ ጣራው ሲያፈስ፣ ኖራው ሲረግፍ፣ በለስ በግድግዳው ሥር ሰድዶ ድንጋዩን ሲፈነቅል ለማን ይነግረዋል?

ሦስተኛዪቱ በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት ያለችው ኮርቫሊስ ናት። እኅትማማችነቱ የተጀመረው በፈረንጆች ቍጥር በ2005 ነው። ይህች ከተማ የሕዝቧ ቍጥር 60 ሺህ ያህል ብቻ የሆነ፣ ዊላሜት በሚባል ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ ክረምቷ ዝናም የሚበዛበት፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት ናት። በከተማዪቱ ያሉ ወዳጆቻችን የመረጡት ሥራ ግንብ ማቆም አይደለም፤ ውሃና ንጽሕና ነው። ይህንን ስናነብ ደስ አለን። ጐንደር ላይ ቤት ያላት እመቤት ሁሉ ምክንያቱን ታውቃለች። የምንጠጣው ውሃ የሚመጣው ከአንገረብ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ተራራ ታርሶ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ስለሚወርድ ሐይቁ ደለል ሞላው። ሕዝቡ ሲበዛ ውሃው አነሰ። በቤታችን ባለቤታችን ቧንቧው የሚመጣበትን ሌሊት ከጾምና ከበዓል ቀን ይልቅ አስተካክላ ታውቀዋለች፤ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሥታ ጀሪካኑን ስታሰልፍ ድምፁ ያነቃናል። እንግዲህ ዝናም የሚበዛበት አገር ሰው የእኛን ጥም ካሰበ እኅት ቢባል አያስነውርም።

አራተኛዪቱ ከተማ ሳትሆን አውራጃ ናት፤ በሜሪላንድ ግዛት፣ ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሞንትጎመሪ ናት። ዝምድናው የተጀመረው በፈረንጆች ቍጥር በ2012 ነው፤ በዚያ ዓመት የአውራጃው አስተዳዳሪ ኢዛያ ሌጌት መልእክተኞችን ይዘው ጐንደር ድረስ መጥተዋል። በዚያ አውራጃ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ይህ ዝምድና ስለዚህ ከሌሎቹ ይለያል፤ እኅታችን የምንላት አገር የገዛ ልጆቻችን ተሰደው የገቡባት ቤት ናት። በጐንደር ከእንግዲህ ወዲያ ልጅ፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ በዚያ የሌለው ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ በማታ ስንተርክ ባለቤታችን እንዝርቷን አቁማ ሰማችን። ከዚያም፣ «የማርያም ማኅበር ስንጠጣ አሥራ ሁለት ነን፤ ወር በወር ጽዋው ይዞራል፤ በአሥራ አንዱ ቤት ጠጥቶ በራሱ ተራ ያልደገሰ ሰው ማኅበርተኛ አይባልም። ልጅቱ የጠየቀችው ይህንን ነው» አለች። እውነትም የጠየቀችው ይህንን ነበረ። እኛ ግን የፊርማ ዓመት እንቈጥር ነበር።

ይህ ከተማን ከባዕድ ከተማ ጋራ የማዛመድ ልማድ እጅግ የጸናባት አገር ጃፓን ናት። የጃፓንን ስም ለዚህ ገጽ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓመተ ምሕረት በመልእክተኛነት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አሳትመውታል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1949 ዓመተ ምሕረት አገሪቱን ጐብኝተዋል። ዳሩ ግን ያን ጊዜ የታየው ዝምድና የቤተ መንግሥትና የቤተ መንግሥት ነበረ። የከተማና የከተማ ዝምድና ሌላ ነው። የጃፓን የመጀመሪያዪቱ እኅትማማች ከተማ ናጋሳኪ ናት። በፈረንጆች ቍጥር በነሐሴ 1945 የአሜሪካ አቶሚክ ቦምብ ያቃጠላት ከተማ፣ ዐሥር ዓመት ቈይታ በታኅሣሥ 1955 ከአሜሪካዪቱ ከሴንት ፖል ጋራ እኅት ሆነች። እኛ የደም ዕርቅ ሲደረግ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ገዳይና የሟች ወገን ተማምለው ሲታረቁ ያየን ሰዎች ስለሆንን ይህን ነገር ስንሰማ ልባችን ተነካ። ከዚያ ወዲህ በጃፓን የእኅትማማች ዝምድናው ቍጥር ወደ 1,800 ደርሷል። ይህን ሥራ የሚረዳ የአካባቢ አስተዳደሮች ማኅበር በፈረንጆች ቍጥር በ1988 ቆሟል። ሥራው ከንቲባዎችን ማገናኘት ብቻ አይደለም፤ ባዕዳን ወጣቶች በየገጠሩ ትምህርት ቤትና በየማዘጋጃ ቤቱ ተቀምጠው እንዲያስተምሩና እንዲያገለግሉ ያደርጋል። እነሆ ጽዋው ይዞራል ማለት ነው።

በየካቲት ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ደባርቅ እንድንሄድ ታዘዝን። ከጐንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማለዳ በአውቶቡስ ተሳፈርን። ወለቃን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮሶዬ ላይ ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ቈላው ከእግር በታች ይታያል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጐማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ሲታገሉ ተሳፋሪው ወርዶ በየፀሐዩ ቆመ። አንዲት ሴት ከቅርጫቷ የተቈላ ሽንብራ አውጥታ ለማታውቀው ሰው ሁሉ አንድ አንድ እፍኝ አደለች። ባሕታዊ የሚመስል አንድ መነኵሴም እፍኙን ተቀብለው ለአንድ ልጅ ሰጡት። ሁለት ሰዓት ያህል ዘገየን፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ማንም ሲቈጣ አላየንም። ከዚያ ዳባትን አልፈን፣ የገብሱን ማሳና ደበሎ የለበሱትን እረኞች እያየን ደባርቅ ገባን። ብርዱ ከጐንደር ብርድ ጋራ አይተካከልም። ባና ሳይዙ መሄድ ስሕተት መሆኑን በመጀመሪያው ሌሊት ተማርን።

ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ በፈረንጆች ቍጥር በ1969 ተከልሎ፣ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋራ ተጻፈ፤ ፋሲል ግቢ የተጻፈው ከእርሱ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው። በዚህ ተራራ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ፤ ዋልያ በሌላ በየትኛውም ምድር የለም። ግጦሹና እርሻው ወደ ላይ እየገፋ ሲሄድ አውሬው ተጨነቀ፤ ስለዚህ በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው፤ እኛ ከደረስንበት ቀን ሰባት ወር ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ጃፓኖች ወደዚህ ደጋ የገቡት በእኅትነት ስም አይደለም። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ ሰው ጃይካ የሚለው፣ ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከአማራ ክልል መሥሪያ ቤቶች ጋራ ሆኖ በፓርኩና በዙሪያው ላለው ባላገር የሚጠቅም የቱሪስት ሥራ እንዲለማ ይረዳ ነበር። አሳቡ ቀላል ነው። እንግዳው በመኪና መጥቶ፣ ተራራውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ገንዘቡን ለከተማ ሆቴል ከፍሎ ከተመለሰ ተራራውን የሚጠብቀው ባላገር ምን አገኘ? ይልቁንም እንግዳው ከባላገሩ ቤት ገብቶ ቡና ቢጠጣ፣ የሴቶቹን ስፌትና የፈትል ሥራ ቢገዛ፣ መንገዱን ያገሬው ልጅ ቢመራው፣ ባላገሩ ዋልያውን እንደ ከብቱ ይጠብቀዋል። ይህ አሳብ ለጃፓኖች ከገዛ አገራቸው የመጣ ነው። ኦይታ በሚባለው ግዛት ገዢ የነበሩት ሞሪሂኮ ሂራማትሱ በ1979 እያንዳንዱ መንደር ከምድሩ የሚበቅለውን አንድ ምርት መርጦ እንዲያከብርና እንዲሸጥ አደረጉ፤ አንዱ መንደር እንጉዳይ፣ አንዱ ከሎሚ ወገን የሆነ ፍሬ። ድኻ የነበሩት ተራራማ መንደሮች በዚህ ስም አገኙ። ትምህርቱ ከመንግሥት ወደ መንደር የወረደ ሳይሆን ከመንደር ወደ ዓለም የወጣ ስለሆነ ለስሜን ባላገር የሚስማማ መሰለን።

በደባርቅ አስጐብኚው፣ ጠመንጃ ያነገበው ጠባቂ፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው ሁሉ በማኅበር ሆነው በተራ ይሠራሉ። ጉዳያችንን ከፈጸምን በኋላ ሳንቃ በር ድረስ ለመሄድ ተነሣን፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ስፍራ ነው። ተራው የደረሰው ባለ በቅሎ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። እኛ አንቱ እያልን፣ እርሳቸውም ጌታዬ እያሉን ሄድን። ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያየን ሳለ አገርዎ ወዴት ነው ብለን ጠየቅናቸው።

«እኔ የግጭ ሰው ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ፣ በበትራቸው ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ።

ግጭ በፓርኩ መካከል፣ 3,600 ሜትር በሚሆን ከፍታ የነበረ መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች ለፓርኩ ሲባል ተስማምተው በ2016 በፈረንጆች ቍጥር ወደ ደባርቅ ወረዱ። የካሣ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። የፓርኩ ስም ከአደጋው መዝገብ የወጣው ግጦሹ ስለ ቀነሰና አውሬው ስለ በረከተ ነው፤ የግጭ ሰዎች መልቀቅም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበረ።

«ገብሱ መልካም ነበረ» አሉ ሽማግሌው። «አባቴም አያቴም በዚያ ተቀብረዋል። ዋልያው ሸሸ፣ ሣሩ አለቀ ሲሉን አልዋሹም፤ እኛም እናየው ነበር። በገንዘቡ ደባርቅ ላይ ቤት ሠራሁ፤ ቈርቈሮ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል። አሁን ተራዬ ሲደርስ እንግዳ ይዤ በቤቴ ቦታ አጠገብ አልፋለሁ። እንግዳው መልካም ሜዳ ነው ይልና ፎቶግራፍ ያነሣል።»

«ይህ የእኔ ቤት ነበረ ብለው ነግረዋቸው ያውቃሉ?» አልናቸው።

«በምን ቋንቋ?» አሉና በቅሎዋን ሊያጠጡ ተነሡ።

ወደ ጐንደር ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ስለ ልጃችን ጥያቄ አሰብን። ጐንደር እኅቶቿ ቤት ሄዳ ታውቃለች ወይ ላለችው፣ የተፈረመውን ወረቀት ሁሉ ብንገለብጥ የግጭ ሰዎች ስም በአንዱም አይገኝም። ነገር ግን ዓለም ዋልያን የእኔ ቅርስ ነው ካለ፣ የግጭ ገበሬ የሰጠው ማሳ በዚህ ማኅበር ድግስ መቈጠር አለበት። እኛ ተቀባዮች ብቻ ነን ብለን አንገታችንን ደፍተን የምንቆመው የሰጠነውን ጽፈን ስለማናስቀምጥ ነው። ይህ የጽሕፈት ሰዎች ጥፋት ነውና እኛም ከጥፋቱ አንወጣም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በ2012 ዓመተ ምሕረት ወረርሽኙ መጣና እንግዳ ቀረ። በ2013 ጦርነት ተነሣ፤ ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ደርሶ ብዙ ቤት ሐዘን ገባ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። ባለ በቅሎው ሽማግሌ ተራቸው ሳይደርስ ስንት ወር እንደ ቈየ እያሰብን እናዝናለን።

በዚህ ጊዜ መካከል ከጃፓን የተሰማ አንድ ወሬ ለእኛ ለጸሐፊዎች ትልቅ ትምህርት ሆነን። በፈረንጆች ቍጥር በነሐሴ 2025 በዮኮሃማ በተደረገው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ላይ፣ ጃይካ አራት የጃፓን ከተሞችን ለአራት የአፍሪካ አገሮች «ሆምታውን» አድርጎ ሰየመ፤ ኢማባሪን ለሞዛምቢክ፣ ኪሳራዙን ለናይጄሪያ፣ ሳንጆን ለጋና፣ ናጋይን ለታንዛኒያ። አሳቡ ወጣቶች እየተጐበኛኙ እንዲማማሩ ነበር። ነገር ግን ቃሉ በእኛ ቋንቋ የትውልድ ከተማ እንደ ማለት ነው። በአፍሪካ አንዳንዱ ጋዜጣ ከተማው ተሰጠን ብሎ ጻፈ፤ ከናይጄሪያ መንግሥት በኩልም ልዩ የመግቢያ ፈቃድ ይሰጣል የሚል መግለጫ ወጣና በኋላ ታረመ። የጃፓን ሕዝብ ባዕዳን በብዛት መጥተው ሊሰፍሩብን ነው ብሎ ደነገጠ፤ የአራቱ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች በስልክና በደብዳቤ ተጨናነቁ። በመስከረም 25 ቀን ጃይካ ሥራውን ተወው። ገንዘብ አልጠፋ፣ ጠብ አልነበረ፤ አንድ ቃል ብቻ ከሚሸከመው በላይ ተጫነ። በዳኝነት ቤትም እንዲሁ ነው፤ «ሰጠሁ» እና «አዋስሁ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ስንት ርስት ጠፍቷል!

ስለዚህ ነገር ለልጃችን ስንነግራት፣ ዛሬ ረዘም ብላ እኛን ልታክል ነውና፣ «እንግዲያስ እኅት የሚለውንም ቃል ይተዉት?» አለች። አይደለም አልናት። እኅት የሚለው ቃል መብት ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ለቅሶ መድረስ፣ ጽዋ ማንሣት፣ በተራ መደገስ አለበት። ናጋሳኪና ሴንት ፖል ቃሉን ከ70 ዓመት በላይ ተሸክመውታል።

በዚህ ዓመት ጎረቤታችን በሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲነሡ፣ ልጃችን በዚያ አገር ላለ ትምህርት ቤት ልጆች የሚሰጥ ነገር ልላክ አለች። ከደባርቅ የገዛነውን ትንሽ ሙዳይ ከመደርደሪያው አወረደች። እናቷ በውስጡ የተቈላ ገብስ ጨመረችበት። ልጅቱም በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፈች፤ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርነው ልክ አረምንላት። የጻፈችው ስለ ፋሲል ግንብ አልነበረም። ግጭ የሚባል መንደር እንደ ነበረ፣ ገብሱ መልካም እንደ ነበረ፣ ሰዎቹ ለዋልያው ሲሉ እንደ ለቀቁ ጽፋለች።

ጎረቤታችን ሙዳዩን በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ሻንጣቸው በበርበሬና በሽሮ መሙላቱን ነግረውን፣ ጥቂት አሰቡና አንዱን የሽሮ ከረጢት አውጥተው በቦታው አስገቡት።